ቋንቋ ተምሮ ምን ይኮናል?



የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር በመስጂዳችን በር ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። አባት ልጁን አስከትሎ ከዐስር ሶላት በኋላ ይጠብቀንና፣ «ኡስታዝ፣ ይሄ ልጅ እኮ ቋንቋ ደረሰው፤ ቋንቋ ተምሮ ምን ይኮናል?» ይለናል። ልጁ ከአባቱ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሕክምና የደረሰው የጎረቤት ልጅ ቤት ቡና ተፈልቷል፣ ዱዓ ተደርጓል፣ እልልታው ሰፈር አልፏል። የዚህኛው ቤት ግን ሰው የሞተበት ይመስላል።

እዚህ ደብረ ታቦር ላይ ለዚህ ጥያቄ የተለመዱ ሁለት መልሶች አሉ። እንግሊዝኛ ለደረሰው «አስተማሪ ይሆናላ!» ይባልና ነገሩ ይዘጋል፤ አባባሉ ከምርቃት ይልቅ ወደ ማጽናኛ ያደላል። ዐረብኛ ለቀራው ደግሞ «ወይ መድረሳ ያስቀራል፣ ወይ ዐረብ አገር ይሄዳል» ይባላል። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። ነገር ግን ሰፊውን ገበያ ሁለት ሱቅ ብቻ አድርገው ያሳዩታል።

እኛ በመድረሳ ያደግን፣ ነህውና ሰርፍ የቀራን፣ አሁን በኢማም ረዳትነት የምናገለግል ሰዎች ነን። ዩኒቨርሲቲ ገብተን አልተማርንም። ታዲያ እናንተን ምን አገባችሁ የሚል ካለ፣ ያገባን ወረቀት ነው።

የኢማም ረዳት ሥራ አዛን ማለትና ሶፍ ማስተካከል ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። እኛ ዘንድ ግን ወረቀት ማንበብ ትልቅ ሥራ ነው። ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከኩዌት፣ ከቤይሩት የሚመጣ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ መጨረሻው መስጂድ ነው። የሆስፒታል ማስረጃ ይመጣል፣ የሥራ ውል ይመጣል፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመጣል፤ አላህ ይጠብቀንና የሞት ማስረጃም ይመጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነው የሚያመጣው። ጎረቤት ጎረቤቱን «እነሱ ጋ ውሰጂው፣ ያነቡልሻል» ብሎ ይልከዋል።

አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን የሥራ ውል ፎቶ ኮፒ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ልጅቷ ከሄደች ሰባት ወር ሆኗታል፤ ታማለች፤ መመለስ ትፈልጋለች። እናትየው የሚያውቁት ደላላው በአማርኛ የነገራቸውን ነው፤ «ወጪውን ሁሉ አሠሪው ይችላል» ብሏቸዋል። ወረቀቱን አነበብነው። እውነት ነው፣ ወጪውን አሠሪው ይችላል ይላል። ከዚያ በአንድ ነጠላ ሰረዝ ተለይቶ ሌላ ሐረግ ይከተላል፦ ሠራተኛዋ ሁለት ዓመት ሳትሞላ በራሷ ፈቃድ ሥራ ካቆመች የ«ኢስቲቅዳም» ወጪን፣ ማለትም እሷን ከአገሯ ለማስመጣት የወጣውን ገንዘብ፣ ትመልሳለች። ደላላው ከነጠላ ሰረዙ በፊት ያለውን ተርጉሞ ከኋላው ያለውን ትቶታል። ስንነግራቸው እናትየው አላለቀሱም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ልጄ፣ ይህን የሚያነብ የተማረ ሰው እዚያ አዲስ አበባ አልነበረም ወይ?» አሉን።

ነበረ። ግን የነበረው ለደላላው ነው። ውሉ ሲፈረም ከእሳቸው ወገን ተቀምጦ የሚያነብ አልነበረም። የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 9 ላይ ውል በዐረብኛ እንዲሆን፣ ሌላ ቋንቋ አብሮ ቢጻፍበትም የሚጸናው ዐረብኛው እንዲሆን ይደነግጋል። የቤት ሠራተኞች የራሳቸው ደንብ ቢኖራቸውም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛው የሚያነበው ያንኑ ዐረብኛ ነው። የአማርኛው ወሬ ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ያበቃል። እንግዲህ «ቋንቋ ተምሮ ምን ይኮናል?» ላለን አባት የመጀመሪያ መልሳችን ይህ ነው፦ ከእኚህ እናት ወገን የሚቀመጥ ሰው ይኮናል።

ይህ ሥራ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) የአይሁድን ጽሑፍ እንዲማሩ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋቸው በግማሽ ወር ገደማ እንደተማሩት፣ ከዚያም የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነቡ፣ የሚላከውን የሚጽፉ እንደሆኑ በሐዲሥ መጻሕፍት ተዘግቧል። ወጣት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከብዙዎቻችሁ ያንስ ነበር። ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ) ደግሞ ከሐበሻ ምድር የተመለሰች ሕፃን ነበረች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ ሲያለብሷት በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» እንዳሏት ቡኻሪ ዘግበዋል፤ ያማረ ማለት ነው። ቃሉን ከግዕዙ «ሠናይ» ጋር የሚያያይዙ አሉ። ልጅቷ ያደገችበትን ቋንቋ መርጠው አናገሯት። ቋንቋ ለደብዳቤም፣ ለሕፃን ደስታም ይሆናል ማለት ነው።

ወደ ሠፈራችን እንምጣ። ከከተማችን ጥቂት ወጣ ስትሉ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለሙያዎችን አስፍረው ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥትን ደብዳቤ ይዞ ንጉሡ ዘንድ የደረሰው ሆርሙዝድ ራሳም የሞሱል ተወላጅ ነበር። አማርኛ አያውቅም። ንጉሡ ደግሞ ሳሙኤል የሚባል ዐረብኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ነበራቸው። ስለዚህ የለንደንና የቤጌምድር ጉዳይ በመካከሉ በዐረብኛ ያልፍ ነበር። ዛሬ ጋፋትን የሚጎበኝ ሁሉ ስለ መድፉ ይነገረዋል፤ ስለዚያ አስተርጓሚ የሚያነሳ ግን እምብዛም ነው። ውጫሌንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የተባለው በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ በአንድ ግሥ ሰበብ የመጣው ጠብ አድዋ ድረስ ዘለቀ። የእናትየው ውልና የውጫሌ ውል መጠናቸው ይለያይ እንጂ በሽታቸው አንድ ነው።

አሁን ስለ እንጀራው እንነጋገር።

ማስተማርን አትናቁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገር እንግሊዝኛን በእርግጥ የሚያውቅ አስተማሪ ሥራው ብዙ ነው። ሆኖም እንግሊዝኛን በተራ ዲግሪ የተመረቀ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ፒጂዲቲ የሚባለውን የማስተማር ሙያ ሥልጠና እንደሚጠየቅ ሳትዘነጉ ግቡበት፤ አራተኛ ዓመት ደርሶ ይህን የሚሰማ ልጅ አይተናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መውጫ ፈተናው አለ። ሃምሳ ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ስለዚህ «ቋንቋ ቀላል ነው» ብሎ ተኝቶ የሚያልፍበት ዘመን አልፏል።

ብዙ ወጣት ደግሞ «አፍሪካ ኅብረት እገባለሁ» ይለናል። ማሻአላህ፤ ግን መንገዱን እንወቀው። በኅብረቱ የሚሠራባቸው ቋንቋዎች ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና ስዋሂሊ ናቸው። አማርኛ የለበትም። በተባበሩት መንግሥታትም ዐረብኛ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 18 ቀን 1973 ጀምሮ ከስድስቱ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አማርኛ እዚያም የለም። የእነዚህ ድርጅቶች ተርጓሚ የሚጽፈው ወደ ዋና ቋንቋው ነው፤ ካደገበትና ከተማረበት ቋንቋ ጋር እኩል ወደሚያውቀው። አማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ዐረብኛን ዋና ቋንቋው ለማድረግ ከካይሮና ከካርቱም ልጆች ጋር ነው የሚፎካከረው። አይቻልም አላልንም። በዚያ ቢሮ በር ስለሚገባው አንድ ሰው እያሰብን ስለሌላው ዘጠና ዘጠኝ ሰው ዝም አንበል ነው ያልነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ተርጓሚ የሚባለው ጽሑፍ የሚተረጉመው ነው፤ አስተርጓሚ የሚባለው በቃል የሚናገረው። ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ተርጓሚ መዝገበ ቃላት ከፍቶ፣ ሰው ጠይቆ፣ አድሮ ማረም ይችላል። አስተርጓሚ ያ ዕድል የለውም። በትልልቅ ስብሰባ በጆሮ ማዳመጫ የሚያስተረጉሙት እየሰሙ ነው የሚናገሩት፤ ከዚህም የተነሳ ሁለት ሆነው ይቀመጡና በሃያ በሠላሳ ደቂቃ ይቀያየራሉ። አእምሮ ከዚያ በላይ አይችለውም። ጸጥ ያለ ልጅ ተርጓሚ፣ ጨዋታ አዋቂ ልጅ አስተርጓሚ ቢሆን ይሻላል ብለን እንገምታለን፤ ግን የተገላቢጦሽ የሆኑም አይተናል።

አማርኛ ያለበትን ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ የሚበዛው ሌላ ቦታ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 መሠረት የተከሰሰ ሰው ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካልሰማ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት አለው። የትምህርት ማስረጃ፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት ወደ ውጭ ሲላክ ፈቃድ ባለው የትርጉም ቢሮ ተተርጉሞ ማኅተም ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት ከአዲስ ዘመንና ከሄራልድ ጋር «አል-ዐለም» የሚባል የዐረብኛ ጋዜጣ ያሳትማል፤ ስንቶቻችሁ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ራዲዮ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከጀርመን ወደ እኛ ሲናገር ኖሯል፤ ያ ሁሉ ዜና በሌላ ቋንቋ ተነብቦ በአማርኛ የሚጻፍ ነው።

ከእኛ ደግሞ ብዙም ሳይርቅ መተማ አለ። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ላይ ከተነሳ ወዲህ በመተማ በኩል የገባው ስደተኛ አፉ ዐረብኛ ነው። የሚቀበለው መዝጋቢ፣ ነርስ፣ ፖሊስ አማርኛ ተናጋሪ ነው። ሕፃን ታቅፋ «ከየት ጀምሮ ነው ያመመው?» የምትባል እናት መልሷን የሚያደርስላት ሰው ያስፈልጋታል። የነፍስ አድን ድርጅቶች ለዚህ ሰው ይቀጥራሉ። መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሂዱ ብለን አንልክም። ሥራው ግን አለ፤ የሚጠይቀውም እኛ በመድረሳ የምንንቀውን የሱዳን ተራ ንግግር ነው።

ስለ ቻይንኛ ጥቂት እንበል። ከወረታ ተነስቶ ከተማችንን አቋርጦ ወልዲያ የሚደርሰውን መንገድ ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይሉታል፤ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ነው። ያኔ ከእነሱ ጋር በጣት የተግባባ ሠራተኛ ነበር። የዛሬው ፋብሪካና የመንገድ ሥራ በጣት አይሆንም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ ያስተምራል፤ ኤችኤስኬ የሚባለውን የቻይንኛ ፈተና ያለፈ ልጅ ከአሠሪውና ከሠራተኛው መሐል ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ወይም ግዥ ከቻለ ቦታው አስተርጓሚነት ብቻ ሆኖ አይቀርም። በአስጎብኚነት ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛና ስፓኒሽ የሚናገር ሰው ጎንደርና ላሊበላ ላይ ጥሩ ይበላ ነበር፤ ባለፉት ዓመታት በክልላችን ሁኔታ ምክንያት ያ ገበያ እንዴት እንደቀዘቀዘ ግን ታውቃላችሁ። ሰላሙን አላህ ይመልስልን።

«ስልኬ ይተረጉምልኝ የለ እንዴ?» የሚለን ወጣት አይጠፋም። ጉግል አማርኛን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ይተረጉማል፣ እየተሻሻለም ነው። ተራውን ደብዳቤ፣ የዕቃ ማስታወቂያውን ስልኩ ይወስደዋል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን የእናትየው ውል ላይ ስልኩ ሲሳሳት ማን ይጠየቃል? የሚፈርም፣ ማኅተም የሚያደርግ፣ «ይህን እኔ ነኝ ያልኩት» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ከአሁን ወዲያ የተርጓሚ ሥራ እየቀለለ የሚሄደው በጽሕፈቱ በኩል ነው፤ በማረሙና በኃላፊነቱ በኩል ይከብዳል። ይህም ማለት ግማሽ ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው ቦታ አይኖርም ማለት ነው።

ወደ እኛው ወደ መድረሳ ልጆች እንመለስ፤ ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተነሳው ለእነሱ ነው። አንድ ደረሳ ከልጅነቱ ጀምሮ ወሎ ሄዶ፣ ከሸይኽ ሸይኽ ተዘዋውሮ፣ አሥር ዓመት ይቀራል። «ዘይድ ዐምርን መታ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማን ፋዒል፣ ማን መፍዑል እንደሆነ በእንቅልፍ ልቡም ይነግራችኋል። (ዘይድ ለምን እንደመታው እስከ ዛሬ የነገረን የለም።) ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የዐረብኛን ሰዋስው እንደዚያ የሚያውቅ ሰው በዩኒቨርሲቲም ብዙ አይገኝም። ይኸው ልጅ ግን የባንክ ደብዳቤ ወይም የደም ምርመራ ውጤት ስታቀርቡለት ይደናገራል፤ ቃላቱ በቀራቸው ኪታቦች ውስጥ የሉም። ስልክ ተደውሎለት አንዲት የጅዳ ሴትዮ ብታናግረው ደግሞ ይባስ። እሱ «እፈልጋለሁ» ለማለት «ኡሪዱ» ነው የሚያውቀው፤ እሷ «አብጋ» ትላለች፣ ግብፃዊው «ዓይዝ» ይላል፣ ሱዳናዊው «ዳይር» ይላል። ልጁ አሥር ዓመት የተማረው ቋንቋ ድንገት ባዕድ ይሆንበታል።

ይህ ክፍተት በአሥር ዓመት የሚሞላ አይደለም። ኪታቡን ለቀራ ሰው የአንድ ዓመት ሥራ ነው። በየቀኑ አንድ ገጽ ጋዜጣ ማንበብ፣ ዜና ማዳመጥ፣ የውል፣ የሐኪምና የፍርድ ቤት ቃላትን በደብተር መልቀም በቂ ነው። መሠረቱ የሌለው ልጅ ግን ከሥር ነው የሚጀምረው። ለመድረሳ ልጅ ከዚህ የባሰው ችግሩ ወረቀት ማጣቱ ነው። ከሸይኹ ያገኘው ኢጃዛ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን አይቆጥረውም። 12ኛ ክፍልን በማታም ቢሆን ያልጨረሰ ደረሳ ዕውቀቱን የሚያሳይበት በር የለውም። ፈረንሳይኛ የተማረ ዴልፍ ተፈትኖ፣ ጀርመንኛ የተማረ በጎተ ተቋም ተፈትኖ ደረጃውን በኤ1፣ በቢ2፣ በሲ1 ይናገራል፤ ለሥራ የሚታሰበው በጥቅሉ ከቢ2 ወዲያ ነው። ዐረብኛ እንዲህ ያለ በየቢሮው የታወቀ መለኪያ ስለሌለው የእኛ ልጅ የሚያሳየው የሠራውን ሥራ ነው። ደረሳ ሆይ፣ ቂርኣትህን ሳትተው ትምህርት ቤትህን አስከትል። ወላጆችም አንዱን ለአንዱ አትሠዉ።

አማርኛችንስ? ይህን ማንሳት ብዙ ሰው ያስቀይማል፤ ግን እንነጋገር። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. ሲታተም ሥራውን የሠሩት እነ ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ነበሩ። በዚያ ዘመን ዐረብኛ በጥልቀት የሚያውቅ ዓሊም በአገራችን ብርቅ አልነበረም። ብርቅ የነበረው ዐረብኛውን አውቆ በአማርኛ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ነው። ዛሬም ያው ነው። የትርጉም ሥራ ከሁለት እግር አንዱ ቢያጥር አይቆምም፤ የእኛ ልጆች የሚያነክሱት ብዙ ጊዜ በአማርኛው እግር ነው። እንግሊዝኛ የተመረቀው «ኮንትራክቱን ተርሚኔት ካደረገች» ብሎ ይተረጉማል፤ የመድረሳው «ዐቅዱን ፈስኽ ካደረገች» ይላል። እናትየው ከሁለቱም ምንም አልሰሙም።

ይህን በዓይናችን ካየንበት ጉዳይ አንዱን እንንገራችሁ። ሠፈራችን ውስጥ ሁለት ወጣቶች አሉ። አንዱ እንግሊዝኛ በዲግሪ ተመርቆ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ የቆየ፣ በመጨረሻም የሞባይል ካርድ ሱቅ የከፈተ ነው። ሌላው ወሎ ቀርቶ የመጣ፣ አሁን ባጃጅ የሚነዳ ደረሳ ነው። ቀድሞ ብዙም አይዋደዱም ነበር፤ አንዱ ሌላውን «ዓለማዊ»፣ ሌላው አንዱን «ያልተማረ» ይለው ነበር። አንድ ቀን ሁለት ዓምድ ያለው ወረቀት መጣ፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ዐረብኛ። ሁለቱም ዓምዶች አንድ ነገር መናገር አለባቸው። ሁለቱን ልጆች በመስጂዱ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸውና እያንዳንዳቸው ዓምዳቸውን በአማርኛ እንዲጽፉ አደረግን። ሁለቱ አማርኛ አልገጠመም። እንግሊዝኛው የሥራ ሰዓት በቀን ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ ዐረብኛው ሰዓት የሚል ነገር የለበትም። ልጆቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተጣሉ፤ አንዱ ሌላው የሳተ መሰለው። ኋላ ግን የተሳሳተው ወረቀቱ እንደሆነ ገባቸው። ልጅቷ ገና አልሄደችም ነበር፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሳትፈርም ቀረች።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ከዐስር በኋላ ይቀመጣሉ። ባለዲግሪው ለደረሳው የኮምፒውተር ጽሕፈትና እንግሊዝኛ ያሳየዋል፤ ደረሳው ለባለዲግሪው ከአሊፍ ጀምሮ ያስቀራዋል። አንዲት ሕግ የተማረች እህታችን ከሴቶች ክፍል በኩል ቃላት እያረመች ታግዛቸዋለች። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ ጠንካራዋ እሷ ነች፤ «ግዴታ»ና «መብት»፣ «ማቋረጥ»ና «መሰረዝ» አንድ እንዳልሆኑ ያሳየቻቸው እሷ ነች። ቋንቋ ለብቻው ሙያ የሚሆነው ጥቂት ቦታ ነው ስንል ይህን ማለታችን ነው። ሕግ ያለበት፣ ጤና ያለበት፣ ሒሳብ ያለበት ቋንቋ ነው ደመወዝ የሚከፈልበት። እንግሊዝኛ ወይም ዐረብኛ የደረሳችሁ እህቶችና ወንድሞች በግቢ ስትኖሩ ከጎን አንድ ሌላ ዘርፍ ያዙ፤ የሕግ ተማሪ ጓደኛ መያዝም አንድ ዘዴ ነው።

እህቶቻችንን ለይተን ያነሳናቸው በምክንያት ነው። ከዚህ አካባቢ ወደ ዐረብ አገር ከሚሄዱት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ሐኪም ቤት «የት ነው የሚያምሽ?» ስትባል በወንድ አስተርጓሚ በኩል ለመመለስ የምታፍር እህት አለች፤ አሠሪዋ ቤት የደረሰባትን ለፖሊስ ስትናገርም እንዲሁ። ሴት አስተርጓሚ እዚህ ላይ ምርጫ አይደለችም፤ የግድ ናት። ዐረብኛ እያወቀች፣ ትምህርቷን እየተማረች ያለችን ልጅ አቋርጣ ለቤት ሠራተኛነት ትሂድ የሚል አባት ካለ፣ እዚያ የሚሄዱት ሁሉ የሚፈልጓትን ሰው ራሷን እየላከ ነው።

ሦስቱ ልጆች እስካሁን ቢሮ የላቸውም፣ ፈቃድም ገና ነው፤ ለማኅተሙ መጀመሪያ ፈቃዱን ማውጣት እንዳለባቸው ነግረናቸው ወረቀቱን ጀምረዋል። አሁን የሚያጨቃጭቃቸው ዋጋው ነው። ባለዲግሪው «ለአንድ ገጽ ይህን ያህል ብር ካልተባለ ሥራ አይሆንም፣ ሱቄን ዘግቼ ነው የምመጣው» ይላል። ደረሳው «ከተቸገረ ሰው ወረቀት ላይ ገንዘብ አልቀበልም» ይላል። ሸይኻችን ተጠይቀው፣ የንግድ ወረቀት ይከፈልበት፣ የመከራ ወረቀት በነፃ ይሁን አሉ። ሁለቱም ተስማሙ፤ እኛም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ልጅ ልትፈርም ያለችውን የሥራ ውል ይዛ መጣች። ባለዲግሪው «ደመወዝ ያለበት ነው፣ የንግድ ወረቀት ነው» አለ። ደረሳው «አይደለም፣ የመከራ ነው» አለ። የሕጓ እህታችን ሁለቱንም ዝም አሰኝታ፣ «መጀመሪያ አንብቡት፤ የትኛው እንደሆነ ከዚያ በኋላ ነው የሚታወቀው» አለቻቸው። መግሪብ አዛን እስኪል ድረስ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበሩ።